አብሽር በር ላይ ነው

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ልደርስ ከቆቦ ወደ ሮቢት በባጃጅ ስሄድ፣ ከተማው አልቆ የሽንኩርቱ ማሳ ሲጀምር የናፍታ ጢስ ሸተተኝ። ዛሬ በእኛ አገር ውሃውን የሚስበው ፀሐይ ነው። በየማሳው ጠርዝ የሶላሩ ሰሌዳ ተገትሮ፣ ሞተሩ ድምፁን ሳያሰማ ውሃውን ይተፋዋል። ይሄኛው ገበሬ ግን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አንድ ያረጀ የናፍታ ፓምፕ አስነስቶ እያስጓራው ነበር፤ ጥቁሩ ጢስ መንገዱን አቋርጦ ባጃጇ ውስጥ ገባ። ሾፌሩን "እስቲ ቆም በልልኝ" አልኩት። አሞኛል ብሎ ደነገጠ። "አላመመኝም፤ ባሌ ሸተተኝ" ስለው አንገቱን ደፋ አድርጎ "አላህ ይርሐማቸው" አለኝ። "ኧረ በሕይወት አለ! ቤት ቁጭ ብሎ የሰው ሬዲዮ እየፈታ ነው!" ብዬ ሳቅኩ። ሳቅኩ እንጂ ቶሎ ሂድ አላልኩትም። ያን ጢስ እየሳብኩ ጥቂት ቆየሁ።

እውነቱን ለመናገር ያስቆመኝ ጢሱ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አንድ ጥፋት አጥፍቼ፣ ነገሩ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰሚራ የምትባል ወጣት አለች። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እኔ በተቀመጥኩባት ክፍል፣ በዚያው ጤና ጣቢያ፣ ዛሬ የምትሠራው እሷ ናት። እኔ ነርስ ነበርኩ፤ በላዩ ላይ የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና ጨምሬ የሰው ጭንቀት አዳማጭ ሆንኩ። እሷ በዲግሪ የተማረች የሥነ ልቦና አማካሪ ናት። ያ የጦርነት ክፉ ጊዜ ካለፈ ወዲህ ደጇ ሰው ጎድሎበት አያውቅም፤ ያልተነካ ቤት የለማ። እና ያን ቀን ቤቴ መጣች። ሻይ አቀረብኩላት። "እትዬ ሀዋ፣ ሥራውን ልለቅ ነው" አለችኝ። "የሰው ጭንቅ ስሰማ ውዬ ቤት ስገባ፣ ልጄ እማ ስትለኝ እንኳ ጆሮዬ ይዘጋል። ትናንትና ባሌ ምን አለኝ መሰለዎት…" አላስጨረስኳትም። ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ "አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል" አልኳት። ሰሚራ አፏ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠችው። "እሺ እትዬ" አለች፤ ሻሿን አስተካክላ፣ ሻዩን በግማሽ ትታ ተነሳች። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ብርጭቆውን ሳነሳ ነው፤ ገና ትኩስ ነበር።

ለወሎ ሰው አብሽርን ማስረዳት ለግመል ስለ ጨው ማውራት ነው። ለሌላው አንባቢ ግን ልንገር፤ አብሽር ማለት አይዞህ ማለት ነው፣ ግን ከአይዞህም ይሰፋል። ፍየል ለጠፋበት አብሽር፣ ፈተና ለወደቀ አብሽር፣ ልጁን ለቀበረም አብሽር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል፤ የምንለውም ከልባችን ነው። እኔ በዚያች ክፍል ሠላሳ ዓመት ቁጭ ብዬ ያወቅኩት ነገር ቢኖር፣ ይቺ ሸጋ ቃል ቀድማ ከመጣች የሰውን አፍ እንደምትከድን ነው። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። የተማርኩት በገዛ ቤቴ ነዋ።

ያኔ ቆቦ እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ የሚባል ነገር ስሙም አይታወቅም፤ የሚመጣው የሚሄደው በጋሪ ነበር፣ ፈረሶቹም አስፋልቱ ሲግል ጥላ ካላገኙ አንሄድም ብለው የሚገተሩ ነበሩ። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ከመናኸሪያው ጥግ የካሴት መሸጫ ነበረች፤ ባለቤቷ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ የራያ ዘፈን ሲለቅ፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ በጭብጨባ ይቀበለው ነበር። ወንዱ ከላይ ሸሚዝ ከታች ሽርጥ፣ ልጃገረዷ ኮንጎ ጫማ። ገበያ ቀን አፋሮቹ ግመላቸውን እየነዱ ከቆላው ይወጣሉ፤ ጨዋቸውን አራግፈው ማሽላ ጭነው ይመለሳሉ። እኔ ሥልጠናዬን ጨርሼ የመጣሁት በቴትሮን ጉርድ ቀሚስና ምንም ባልያዘ የእጅ ቦርሳ ነበር። ቦርሳው ባዶ መሆኑን ግን ለእናቴም አልነገርኩም፤ የተማረ ሰው ቦርሳ ይይዛል የተባለበት ጊዜ ነው። ከተማው ወዲያው ስም አወጣልኝ፤ የእብድ ሐኪም። መናኸሪያው ላይ አንዱ ወያላ "ሲስተር፣ እብዱን ታስሪዋለሽ ወይስ ትፈቺዋለሽ?" ብሎ ጮኸብኝ። "እንደ አመሉ!" አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ውስጤ ፈርቶ ነበር።

ክፍሌ ከጤና ጣቢያው ግቢ መጨረሻ፣ ከአንዲት የቁርቁራ ዛፍ ሥር ነበረች። ሁለት ወር ሙሉ የገባባት ሰው የለም። የእብድ ሐኪም በር ላይ የታየ ሰው ልጁን ማን ያገባለታል? ቁርቁራ እየለቀምኩ ስበላ እውል ነበር። ያዳነኝ ወባ ነው። የዚያን ጊዜ የቆቦ ወባ ለመስከረም የቀጠረ እንግዳ ነበር፤ ዝናቡ ሲያባራ ግቢው በነጠላና በጋቢ ተሸፋፍኖ በሚንቀጠቀጥ ሰው ይሞላል። ካርድ ይወጣል፣ ጣት ይወጋል፣ ከዚያ ውጤት እስኪመጣ ፀሐይ ላይ መጠበቅ ነው። አንዲት የጎብዬ ሴት ለጥላው ብላ፣ የተወጋ ጣቷን በጥጥ እንደያዘች ክፍሌ ገባች። "ውጤቴ እስኪመጣ ልቀመጥ?" አለች። ተቀመጪ አልኳት። ውጤቷ መጣ፤ ነፃ ናት። እሷ ግን አልተነሳችም፤ ጥጡን በጣቷ እያሸች የምጧን፣ የቀበረቻቸውን፣ የእንቅልፏን ነገር ታወራለች። በሚቀጥለው ሳምንት እህቷን ላከችልኝ። እህቷም ካርድ ክፍል ቀርባ ምንሽን ነው ስትባል "ወባ" አለች። ከዚያ በኋላ የሆድ ብሶት ሁሉ ስሙ ወባ ሆነ። የላቦራቶሪው ሰው "ሲስተር ሀዋ፣ ያንቺን ወባ በማይክሮስኮፕ ላገኘው አልቻልኩም እኮ!" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ምንም ቢሆን ያለ ጣት መወጋት የሚገባ አልነበረም። ጥጡ የማለፊያ ወረቀታቸው ነው፤ ያየ ሁሉ የወባ ሰው ነው ብሎ ያልፋቸዋል።

ያስተማሩን አንድ መምህር ነበሩ፤ ደጋግመው የሚሉን ነገር አለ፤ ሰው ሲያዋያችሁ ለማጽናናት አትቸኩሉ። እኔም ይህን እንደ ሕግ ይዤ መጣሁ። አባ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ከዋጃ መጡ። ዓረብ አገር የሄደ ልጃቸው ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጥቂት ተናገሩና ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር። ዝም። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እኔም ዝም። በትራቸውን አነሱና "ልጄ፣ አብሽር የማይባልበት ቤት ምን ቤት ነው?" ብለው ወጡ። ዛሬ ማታ ዋጃ ድረስ ስሜ ጠፋ ብዬ እየሮጥኩ በሩ ላይ ደረስኩባቸውና "አብሽሩ አባ ይማም! ወላሂ አብሽሩ!" አልኩ። ዞረው አዩኝ። ሳቃቸው መጣ። "ኧረ በነቢ! ኸበር ላይ ነው እንዴ የምትሰጭው?" አሉ። እየሳቁ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሁለት ዓመት ለሰው ያልነገሩትን እንባቸው ጺማቸው ላይ እስኪወርድ ነገሩኝ። እኔ በፍርሃት የሠራሁትን ስህተት እሳቸው ለገበያው ሁሉ ሥርዓት ነው ብለው አወሩልኝ። "ሀዋ ዘንድ አብሽር የሚሰጠው ሲወጡ፣ በር ላይ ነው። ኸዚያ በፊት ተናገሩ እንጅ አትጠብቁ።" እንዲህ ሆኖ ሕጌ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ሰው ጨርሶ ሲነሳ፣ ራሱ በሩ ላይ ቆም ብሎ ድርሻውን ይጠብቅ ነበር፤ እኔም እጁን ይዤ አብሽር እለዋለሁ።

እንድሪስን ያገኘሁት የጤና ጣቢያው ጄነሬተር ተበላሽቶ ነው። የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበር፤ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ያለ ገበሬ ሞተሩ ሲያስቸግረው እሱን ይጠራል። ሽርጡን ወደ ላይ ሰብስቦ ከጄነሬተሩ አጠገብ ቁጢጥ አለና ጆሮውን አስጠግቶ "ምን ሁነሃል አንተ? የት ላይ ነው የሚያምህ?" እያለ ሲጠይቀው ሰማሁ። ይሄስ የሥራ ባልደረባዬ ነው አልኩ በልቤ። ሲጨርስ እጁን እንዲታጠብ ውሃ አፈሰስኩለት፤ በማግስቱ አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ላከልኝ። ያን አገዳ ልጣጩን በጥርሴ እየገፈፍኩ ሁለት ቀን በላሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሳጠር ይቻላል፤ ተጋባን። ቤታችን ናፍታ ናፍታ ይሸት ነበር፤ መጋረጃው ናፍታ፣ ትራሱ ናፍታ። "ወጥሽን ፓምፕ ላይ ነው የሠራሽው?" ብላ እህቴ ትስቅብኝ ነበር። በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከብሎን መፍቻ ቁልፎቹ ጋር ትንሽ ቴፕ ይዞ ይዞራል፤ ማሳ ላይም ቤትም ያዘፍናታል። ወሬ ደግሞ ይችላል! የትኛው ሞተር እንዳነቀው፣ የትኛው ገበሬ ውሃው ሲወጣ እንዳለቀሰ፣ ምሳ ማን ቤት እንደበላ ካልነገረኝ ቀኑ አይመሽለትም። "ዛሬ ምን ሁኖ መሰለሽ…" ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ መጀመሪያ ጉልበቱ ላይ እግሬን ዘርግቼ እሰማው ነበር።

ስሜ እየጠና ሲሄድ ግን ጆሮዬ የራሴ መሆኑ ቀረ። ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ሻጯ እጄን ይዛ ትነግረኛለች። ሠርግ ላይ፣ ጎራርሼ ሳልጨርስ፣ የሙሽራው አክስት ወደ ጓዳ ትጎትተኛለች። አውቶቡስ ውስጥ እንኳ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወልድያ እስክንደርስ አብዝቶ ይነግረኛል፤ ሲወርድ እሱ ቀሎት፣ እኔ ከብዶኝ። አልደብቅም፤ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሁሉ እኔን መፈለጉ ያኮራኝ ነበር፤ እምቢ ማለትም ክፋት ይመስለኝ ነበር። ቤት ስገባ ግን አንዲት ቃል የምታስገባ ቀዳዳ የለኝም። እንድሪስ "ዛሬ ምን ሁኖ መሰለሽ" ሲል "አብሽር" እለዋለሁ። ሞተሩ እምቢ አለኝ፤ አብሽር። ጀርባዬን አመመኝ፤ አብሽር። ሥራ ቦታዬ በር ላይ ብቻ የምሰጠውን ቃል፣ ቤቴ ውስጥ ገና ሰውየው ጫማውን ሳያወልቅ እሰጠው ነበር። ለምን እንደምለው ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ዝም እንዲልልኝ ነው።

ካሳ የእንድሪስ የሥራ ጓደኛ ነበር። እኩያው፣ ልጅ እያሉ ጀምሮ አብረው ሞተር የሚፈቱ፤ በፆማችን እሱ አይበላብን፣ በፆሙ እኛ አንበላበት። ያን ዓመት በጋ ከሮቢት ወዲህ ባለ አንድ ማሳ ላይ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ፓምፕ ያወርዱ ነበር። ያኔ ውሃው ሲርቅ ፓምፑን ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ነበረባቸው። ካሳ ከታች ሆኖ ቱቦውን ሲያስር፣ እንድሪስ ቁልፍ ሊያመጣ ወጣ። ሳጥኑ ጋ ሳይደርስ የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደ። ገበሬው ሁሉ ተሰብስቦ ቆፈረ፤ ሲያወጡት ካሳ በሕይወት አልነበረም። ወሬውን ቤት ሳልገባ፣ ጤና ጣቢያ ሳለሁ ሰምቼው ነበር። ያን ቀን ደግሞ ሰባት ሰው ሰምቼ፣ የመጨረሻዋ መንታ ልጆቿን በአንድ ሳምንት የቀበረች እናት ነበረች። ቤት ስደርስ እንድሪስ ከነጭቃው ደጃፍ ቁጭ ብሏል። "ሀዋ፣ ዛሬ…" አለኝ። እኔ አቅፌው "አብሽር። የአላህ ውሳኔ ነው" አልኩት። ውሃ አሞቅኩለት፣ ልብሱን ቀየርኩለት፤ መልካም ሚስት ነበርኩ፣ ጆሮ ብቻ አልነበረኝም። ከቀብር ስንመለስ "ሀዋ፣ ያ አፈር…" ብሎ ጀመረ። አብሽር። በአርባው ተዝካር ቀን ከካሳ ቤት ወጥተን ጎን ለጎን ስንሄድ "ቁልፉን ላመጣ ስወጣ" አለ። አብሽር እንድሪስ፣ ራስህን አታስጨንቅ። ከዚያ በኋላ አልሞከረም።

እንግዲህ ስሙኝ፤ የሰውን ዓይን አይቼ እንቅልፍ ማጣቱን የማውቅ ሴት ነኝ። ቴፕዋ ዝም ስትል አልሰማሁም። ወሬው ሲያልቅ፣ አርጅቶ ረጋ አለ ብዬ ደስ አለኝ፤ ገና አርባ አልሞላውም ነበር። ሩቅ ማሳ ላይ ሥራ አለኝ እያለ ቀኑንም ሳምንቱንም እዚያው ሲያሳልፍ ታታሪነቱን ለሰው አወራሁ። ሽንብራ ቆሎ ሲበላ እንኳ ድምፅ የሌለው ሰው ሆነ። ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። መስከረም ነበር፤ ግቢው በወባ ሰው ተሞልቷል። አንዱን ሸኝቼ በሩ ላይ አብሽር ብዬ ቀና ስል፣ ከቁርቁራዋ ሥር ከተቀመጠው ሰው መካከል እንድሪስን አየሁት። አንድ እጁ ካርድ ይዟል፤ የሌላኛውን ጣት በጥጥ ጨምቋል። መጀመሪያ የመሰለኝ እውነት ወባ የያዘው ነው። "ምነው? ለምን ቤት አልነገርከኝም?" አልኩት። ሰው ሁሉ ያየናል። "ተራዬን እየጠበቅሁ ነው" አለኝ፤ ካርዱን አሳየኝ። ከፊቱ አራት ሰው ነበር። ና ግባ አልኩት፤ "ሰው አለ ኸፊቴ" አለ። አራቱን ሰው እንዴት እንደሰማሁ አላህ ይወቀው። እነሱ ይቅር ይበሉኝ፤ ያን ቀን ቃላቸው አልገባኝም።

ገባ። ቤት ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው፣ ከጠረጴዛው ማዶ የሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሽርጡን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። ያ የናፍታ ሽታው ክፍሏን ሞላት። "እዚህ ቤት አብሽር የሚሰጠው በር ላይ ነው ይላሉ" አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። "ኸዚያ በፊት አትይኝም?" አለ። "አልልህም" አልኩት። ከዚያ ነገረኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ሁለቱም ሳሉ፣ አፈር ጠብ ጠብ ሲል ሰምቶ ነበር። ትንሽ፣ እንደ እህል ፍሬ። ካሳን ውጣ ሊለው አስቦ፣ ይስቅብኛል ብሎ አፍሮ፣ ቁልፉን ላምጣና ስመለስ እነግረዋለሁ አለ። "አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ። ሀዋ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ኸጉድጓዱ ኸወጣሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። ቁልፉን ረስቼ ነው የወጣሁ? ወይስ ፈርቼ ነው? እሱን ትቼ ነው የወጣሁ? ይኸን ነው ዓመት ሙሉ የምጠይቅ።" አፌ ላይ ያቺ ቃል አሥር ጊዜ መጣች፣ አሥር ጊዜ ዋጥኳት። አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ ስለ ካሳ አወራኝ፤ ልጅ እያሉ ወንዝ ዳር የሠሯትን ከጣሳ የተሠራች ፓምፕ፣ አንዴ ቱቦ ሰርቀው የተገረፉትን። ሳቀም። በዓመት የመጀመሪያ ሳቁ ነው። ከዚያ ተነሳ፤ እኔም ለመሸኘት ተነሳሁ። በሩ ላይ ስንደርስ አብሽር ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ያኔ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እንድሪስ ያን ጥጥ የያዘ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ "አብሽሪ" አለኝ። ከቁርቁራዋ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ያየናል። አንዲት አሮጊት "የሀዋንም ቤት ወባ ገባው" አሉ፤ ማንም አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደ ብልሃት የማወራው አይደለም፤ ብዙው ያሳፍረኛል። ከሥራ ወደ ቤት በጋሪ መሄድ ተውኩ። በእግሬ፣ ለዚያውም በመስኖው ቦይ ዳር ባለችው ረጅሟ መንገድ እየዞርኩ መሄድ ጀመርኩ። ውሃው ይፈሳል፤ ውሃ ምንም አይነግርህም፣ ምንም እንድትነግረውም አይጠብቅም። በወር አንድ ቀን ጎብዬ ድረስ ሄጄ እማ ዘይነባ ከሚባሉ ዱበርቲ ዘንድ እቀመጥ ነበር። ዱበርቲ በእኛ አገር ዱዓ የሚያደርጉ፣ ሰው ጭንቁን የሚጥልባቸው እናቶች ናቸው። የሰው ስም ሳልጠራ የከበደኝን ብቻ እነግራቸዋለሁ። "ልጄ፣ እኛኮ ብቻችንን አንሰማም" አሉኝ አንድ ቀን። "አንዷ ትናገራለች፣ ሁላችን አሚን እንላለን። ላንቺ አሚን የሚልልሽ ማን አለሽ?" ዓርብን ደግሞ ለቤቴ አደረግኩ። ገበያ ላይ እጄን የሚይዘኝን ሰው "ጆሮዬ ዛሬ ጁምዓ ነው፣ ቅዳሜ ነይ" እላለሁ። ኮራች አሉ። ሐኪም ሆንኩ ብላ ሰው ናቀች አሉ። አንዲት ሴት በአንድ ዓርብ ቅዳሜ ነይ ብያት ሄዳ፣ ቅዳሜ አልመጣችም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዋጃ መንገድ ዳር ቲማቲም ስትሸጥ አየኋት፤ ደህና ነበረች፣ ግን ፊቷን አዞረችብኝ። እስከ ዛሬ እሷን ሳስብ ትክክል ነበርኩ ማለት አልችልም፤ ጥፋተኛ ነበርኩ ማለትም አልችልም። እንድሪስ ግን ቴፕዋን እንደገና አስነሳ። ሠላሳ ዓመት በዚያ ሥራ የቆየሁት ጠንካራ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ባሌ ካርድ ስላወጣ ነው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። የሞተር ጩኸት ጆሮውን በልቶት፣ እንድሪስ ጮክ ካላሉለት አይሰማም። ያኔ እሱ እያወራ እኔ አልሰማም፤ አሁን እኔ እያወራሁ እሱ አይሰማም፤ አላህ ሚዛኑን አይስትም። ከሮቢት ለቅሶ ስመለስ የሆነውን ነገርኩት። "ማንን ምን አልሻት?" አለኝ። "ሰሚራን! አብሽሪ አልኳት!" "እህ?" "አብሽሪ!" ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "ምን ሁናችሁ ነው?" አለች። አብሽሪ ብለን መለስናት። እንድሪስ ይፈታው የነበረውን ሬዲዮ አስቀመጠ። "ሳትጨርስ?" አለኝ። "ሳትጨርስ።" አንገቴን ስደፋ ሳቀብኝ። ጥርሱ አልቋል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። "አይ ሀዋ! ሂጂና ካርድ አውጪ እንጂ" አለኝ።

በማግስቱ ካርድ ክፍል ቀረብኩ። "ምን ሁነው ነው እትዬ?" አለችኝ ልጅቱ። ወባ አልኳት። "ትኩሳት አለዎት?" ውስጥ ውስጡን አለ አልኳት። ጣቴን ተወጋሁ፤ ጥጤን ጨብጬ ከቁርቁራዋ ሥር ተቀመጥኩ። ዛፏ ግማሽ ጎኗ ደርቋል፣ ግማሹ አሁንም ያፈራል። ሰው ሁሉ እርጅናዬን አይቶ ይለፉ፣ ይግቡ ይለኛል፤ እኔ የሚመጣውን ሁሉ ከፊቴ እያሳለፍኩ የመጨረሻዋ እስክሆን ጠበቅኩ። በሩ ሲከፈት ሰሚራ የመጨረሻውን ሰው ሸኝታ ቀና አለችና አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። "እትዬ! ምን ሁነው ነው?" ብላ ደገፈችኝ። ገብቼ የሰው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በዚያች ክፍል ሠላሳ ዓመት ስኖር በዚያ ወንበር ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ዝቅ ያለ ነው፣ ከዚያ ሲያዩት ጠረጴዛው ትልቅ ነው። "ወባ ነው" አልኳት፤ "ውጤቴ ገና ነው። እስኪመጣ ጊዜ አለን። ያን ቀን ባሌ ምን አለኝ መሰለዎት ብለሽ ነበር። ምን አለሽ?"

ጥጡን አየችው። ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። ሥራውን ትልቀቅ አትልቀቅ አላውቅም ነበር፤ ልጠይቃትም አልመጣሁም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዝ አደረገች፣ ለቀቀችው፣ ከዚያም ጀመረች። ቃሏ እየመጣ በመሃል ሲሰበር ያቺ የለመደች ምላሴ ተንቀሳቀሰች። ጥርሴን ነከስኩ። ከኋላዬ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ በሩም ገና ሩቅ ነበር።